ሰማዩ ጠርቶ ኦዞን ለምን ጨመረ?

የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀበት በ2012 ዓ.ም ብዙዎቻችን ከሟቾችና ከታማሚዎች ዕለታዊ ቁጥር ጎን ለጎን አንድ በጎ ወሬ እንሰማ ነበር። ፋብሪካዎች ሥራ ሲያቆሙ፣ አውሮፕላኖች ከመብረር ሲታገዱና መኪኖች ከየግቢያቸው ሳይወጡ ሲቀሩ አየሩ ጠራ የሚል ነበር ወሬው። በሰሜን ህንድ፣ በፑንጃብ ግዛት የምትገኘው የጃላንዳር ከተማ ነዋሪዎች በየቤታቸው ጣሪያ ላይ ወጥተው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚገኙትን በበረዶ የተሸፈኑ የሂማላያ ተራሮች አዩ። ለአስርት ዓመታት በጭስና በአቧራ ተጋርዶ የኖረ እይታ ነው ሲሉም ተገረሙ።

ወሬው እውነት ነው። ሙሉው እውነት ግን አይደለም። በዚያው ሰሞን በበርካታ የዓለማችን ከተሞች አንድ የአየር በካይ ከመቀነስ ይልቅ ጨምሮ ተገኝቷል። ይህ በካይ ኦዞን ይባላል። ዓይን የማያየው፣ በጠራ ሰማይ ሥር የሚፈጠር፣ የመተንፈሻ አካልን የሚያስቆጣ ጋዝ ነው። አስም ላለበት ሰው፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል።

መኪናው ቆሞ፣ ጭሱ ቀንሶ ሳለ ይህ በካይ እንዴት ሊጨምር ቻለ? መልሱ የምንተነፍሰውን አየር ከምናስበው በላይ እንድናውቀው የሚረዳ፣ ለጤናችን ስንል ልናደርጋቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎችንም የሚጠቁም በመሆኑ በዛሬው የጤና አምዳችን ልናነሳው ወደናል።

ምን ያህል ቀነሰ?

11 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርባት የቻይናዋ ዉሃን ከተማ የተዘጋችው ጥር 14 ቀን 2012 ዓ.ም ነበር። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ለአየር ንብረትና ለጤና ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ሊያገኙት የማይችሉትን ዕድል ሰጡ። የአንድ ትልቅ አገር መኪኖችና ፋብሪካዎች በአንድ ጊዜ ቢቆሙ አየሩ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ በእውኑ ዓለም ማየት ተቻለ።

የአሜሪካና የአውሮፓ የጠፈር ተቋማት ሳተላይቶች በምሥራቅና በመካከለኛው ቻይና ሰማይ ላይ የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ መጠን በእጅጉ መቀነሱን አሳዩ። ይህ ጋዝ በዋናነት ነዳጅና የድንጋይ ከሰል ሲቃጠል የሚወጣ ነው። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን ሲሆን፣ በተለመደው ሁኔታ ሁለቱ ተስማምተው ጎን ለጎን ይኖራሉ። በመኪና ሞተር ወይም በፋብሪካ እቶን ውስጥ ባለው ከፍተኛ ሙቀት ግን ይዋሐዱና ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይፈጥራሉ። እሱም አየር ላይ ሲወጣ ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ስለዚህም ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የትራፊክ መብዛትና ማነስ ጥሩ መለኪያ ተደርጎ ይወሰዳል።

በ34 አገራት የተሰበሰቡ የምድር ላይ ልኬቶችን ያነጻጸረ ጥናት እ.ኤ.አ በ2020 ይፋ እንዳደረገው፣ በእንቅስቃሴ ገደቡ ወቅት የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ መጠን በ60 በመቶ ገደማ፣ ደቃቅ ብናኝ ደግሞ በ31 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ደቃቅ ብናኝ ወይም ፒኤም 2.5 የሚባለው ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ቅንጣት ሲሆን፣ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ጋር ሲነጻጸር ከሠላሳ አንድ እጅ ያህል ነው። በአፍንጫ ፀጉርና በጉሮሮ አክታ ሳይያዝ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ድረስ ይዘልቃል። ከዚያም አልፎ ወደ ደም ሥር ይገባል። ለልብ ድካም፣ ለስትሮክ፣ ለሳንባ ካንሰርና ሥር ለሰደደ የሳንባ በሽታ መንስዔ ከሚባሉት ዋነኛው ይኸው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ከቤት ውጪና በቤት ውስጥ ያለው የአየር ብክለት በድምሩ በየዓመቱ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ዕድሜያቸው ለሞት ይዳርጋል። ከዓለም ሕዝብ 99 በመቶው ድርጅቱ ካስቀመጠው ወሰን በላይ የተበከለ አየር ይተነፍሳል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ በ2021 ይህንን ወሰን በእጅጉ አጥብቆታል። ለደቃቅ ብናኝ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር በዓመት በአማካይ 10 ማይክሮግራም የነበረው ወደ 5፣ ለናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ደግሞ 40 የነበረው ወደ 10 ዝቅ ብሏል።

እንግዲህ ከዚህ አንጻር ሲታይ የእንቅስቃሴ ገደቡ ያመጣው ቅነሳ ቀላል አልነበረም። የኦዞን ልኬት ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል።

ጠባቂው ኦዞንና ጎጂው ኦዞን

ኦዞን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ምድርን ከፀሐይ አደገኛ ጨረር የሚጠብቀውን ሽፋን ነው። ልክ ነው። በከባቢ አየር ውስጥ ካለው ኦዞን 90 በመቶ ያህሉ ከመሬት እጅግ ርቆ በላይኛው የአየር ንጣፍ ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ አልትራቫዮሌት የተባለውን ጨረር ስለሚያስቀር ከቆዳ ካንሰርና ከዓይን ሞራ ይጠብቀናል። ይህንን ሽፋን የሚያሳሱ ኬሚካሎችን ለማስቀረት የዓለም አገራት እ.ኤ.አ በ1987 በሞንትሪያል ስምምነት መፈራረማቸው ይታወሳል። የሽፋኑን ኬሚስትሪ ያብራሩት ፖል ክሩትዘን፣ ማሪዮ ሞሊናና ሸርዉድ ሮውላንድም እ.ኤ.አ በ1995 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ቀሪው 10 በመቶ ገደማ ግን እኛ በምንኖርበትና በምንተነፍሰው የታችኛው አየር ውስጥ ነው። ጋዙ ያው አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ የሚገኝበት ቦታ ነው። ሰማይ ላይ ሆኖ የሚጠብቀን ኦዞን ወደ ሳንባ ሲገባ የመተንፈሻ ቱቦን ስስ ሽፋን ያቃጥላል። ጉሮሮን ያሳክካል፣ ሳል ያስነሳል፣ ደረትን ያጨንቃል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። አስም ያለበትን ሰው ሕመም ሊቀሰቅስበት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በስምንት ሰዓት አማካይ ልኬት ኦዞን በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ከ100 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

እዚህ ላይ አንድ የተምታታ መረጃን ማጥራት ያስፈልጋል። በዚያው በ2012 ዓ.ም ጸደይ በሰሜን ዋልታ ሰማይ ላይ ከወትሮው የሰፋ የኦዞን መሳሳት ታይቶ፣ በሚያዝያ ወር ተመልሶ ተዘግቷል። በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙዎች «መኪና ስለቆመ የኦዞን ቀዳዳ ተደፈነ» እያሉ ተቀባበሉት። ሆኖም መሳሳቱም ሆነ መዳኑ ከእንቅስቃሴ ገደቡ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ምክንያቱ በዋልታው ላይ በዚያ ክረምት የነበረው ያልተለመደ ቅዝቃዜና ጠንካራ የንፋስ ሽክርክሪት ነው። የንፋሱ ኃይል ሲዳከም በኦዞን የበለጸገ አየር ከሌላ አካባቢ ገብቶ ቦታውን ሸፈነ። የእንቅስቃሴ ገደቡ የነካው የታችኛውን፣ የምንተነፍሰውን ኦዞን ነው።

የኦዞን መፈጠርና መጥፋት

ኦዞን ከጭስ ማውጫ በቀጥታ አይወጣም። አየር ላይ ይፈጠራል። ለዚህም ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ከሞተርና ከእቶን የሚወጡት የናይትሮጅን ኦክሳይዶች፣ ሁለተኛው በቀላሉ የሚተኑ ኦርጋኒክ ውህዶች፣ ሦስተኛው ደግሞ የፀሐይ ብርሃን ነው። በቀላሉ የሚተኑ የተባሉት ነዳጅ ስንቀዳ የሚሸተን ተን፣ የቀለምና የቫርኒሽ ሽታ፣ የቀለም ማቅጠኛና የማጽጃ ፈሳሾች ተን፣ የእንጨትና የቆሻሻ ጭስ የሚለቋቸው ናቸው። ዛፎችም በተፈጥሯቸው ጥቂቱን ይለቃሉ።

ሂደቱ እንዲህ ነው። የፀሐይ ብርሃን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ሲመታው አንድ የኦክስጅን አቶም ይገነጠላል። ይህ ብቸኛ አቶም አየር ላይ ካለው መደበኛ ኦክስጅን ጋር ይጣበቅና ሦስት አቶም ያለው ኦዞን ይሆናል። አቶሙን ያጣው ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሆኖ ይቀራል። ይኸው ናይትሪክ ኦክሳይድ ያበደረውን እንደሚያስመልስ አበዳሪ ኦዞኑን ሲያገኘው ሦስተኛውን አቶም መልሶ ይወስድበታል። ኦዞኑም ይጠፋል። መበደርና መመለሱ እኩል ከሆነ ኦዞን አይከማችም።

የሚተኑት ውህዶች ሲገቡበት ግን ሚዛኑ ይዛባል። እነሱ በፀሐይ ብርሃን ታግዘው ሲሰባበሩ ናይትሪክ ኦክሳይዱን ኦዞን ሳይነካ ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። ብድሩ ሳይመለስ አዲስ ብድር እንደመስጠት ነው። ኦዞን የሚከማቸውም በዚህ ጊዜ ነው። ይህንን እ.ኤ.አ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያብራሩት፣ የሎስ አንጀለስ ከተማ ነዋሪዎችን ዓይን ያስለቅስ የነበረውን ጭጋግ ያጠኑት ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት ናቸው።

አሁን ወደ ተነሳንበት ጥያቄ እንመለስ። መኪና በሚበዛበት ከተማ መሐል ናይትሪክ ኦክሳይድ እጅግ ብዙ ነው። ከብዛቱ የተነሳ የሚፈጠረውን ኦዞን ወዲያው ያጠፋዋል። ለዚህም ነው በብዙ ከተሞች ትራፊክ በተጨናነቀበት አውራ ጎዳና ዳር የኦዞን መጠን ከከተማ ዳርቻ ይልቅ ዝቅ ብሎ የሚገኘው። መኪኖቹ በድንገት ሲቆሙ አጥፊው ጠፋ። የሚተኑት ውህዶች ግን በዚያው ልክ አልቀነሱም። ከኃይል ማመንጫ፣ ከኬሚካል ፋብሪካ፣ ከቤት ውስጥ ምርቶችና ከዛፎች መውጣታቸውን ቀጠሉ። በዚህም የተነሳ በከተሞቹ ኦዞን ጨመረ።

ጉዳዩ ለባለሙያዎቹ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አልነበረም። በሎስ አንጀለስ ቅዳሜና እሑድ የጭነት መኪኖች እንቅስቃሴ ሲቀንስ ኦዞን ከሥራ ቀናት ይልቅ ከፍ ማለቱ ለረዥም ጊዜ ሲታወቅ ቆይቷል። በ2012 ዓ.ም የሆነው የሳምንቱ መጨረሻ ክስተት በዓለም ዙሪያ ለሳምንታት መዝለቁ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በሰሜን ቻይና ከተሞች የተደረገውና ሳይንቲስት ጋይ ብራሱር የተሳተፉበት ጥናት እንዳሳየው፣ ከክልከላው በፊት ከነበሩት ሳምንታት ጋር ሲነጻጸር ደቃቅ ብናኝ በ35 በመቶ፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በ60 በመቶ ገደማ ሲቀንስ የኦዞን መጠን ከ1.5 እስከ 2 እጥፍ ደርሷል። ከዚህ ጭማሪ ከፊሉ ወቅቱ ከክረምት ወደ ጸደይ በመሸጋገሩና የፀሐይ ብርሃን በመጨመሩ የመጣ ነው። ሆኖም ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ወራት ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶችም ጭማሪውን አረጋግጠዋል። ከነዚህ አንዱ በክልከላው ወቅት ኦዞን በዉሃን በ36 በመቶ፣ በጣሊያኗ ቶሪኖ በ27 በመቶ፣ በፈረንሳይዋ ኒስ በ24 በመቶ፣ በሮም በ14 በመቶ መጨመሩን ዘግቧል። በስፔኗ ቫሌንሲያ ግን ጭማሪው 2.4 በመቶ ብቻ ነበር። በብራዚሏ ሳኦ ፓውሎም በከተማው መሐል ናይትሪክ ኦክሳይድ እስከ 77 በመቶ ሲቀንስ ኦዞን በ30 በመቶ ገደማ ጨምሯል።

የብናኝ መቀነስም ለኦዞን በር ከፍቷል። ብናኝ የፀሐይ ብርሃንን ስለሚጋርድና ኦዞን በመፍጠር ሂደት የሚሳተፉ ቅንጣቶችን በላዩ ላይ ስለሚያስቀር፣ ሲቀንስ ሂደቱ ይፋጠናል። የሰማዩ መጥራት ራሱ ለኦዞኑ አመቺ ሆነለት ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን የእንቅስቃሴ ገደቡ አየሩን አበላሸው ማለት አይደለም። በ34ቱ አገራት ጥናት አማካይ የኦዞን ጭማሪው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ለሞት ከመዳረግ አንጻር ከኦዞን የሚብሰው ደቃቅ ብናኝ ደግሞ ቀንሷል። ከከተሞች ርቆና ከፍ ብሎ ሲታይም ታሪኩ ይገለበጣል። በባሉን በሚላኩ መሣሪያዎችና በሌሎች ልኬቶች እንደታየው፣ በ2012 ዓ.ም ጸደይና በጋ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከምድር በላይ ከ1 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ባለው አየር ውስጥ ኦዞን በ7 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። ከከተማ ውጪ ናይትሮጅን ኦክሳይድ አነስተኛ በመሆኑ ኦዞን የሚፈጠረው እሱ በተገኘ ልክ ነው። ስለዚህ ሲቀንስ ኦዞኑም አብሮ ይቀንሳል። አንድ ዓይነት ቅነሳ በከተማ መሐል ኦዞንን ሲያበዛ በገጠር የሚያሳንሰውም ለዚህ ነው።

መኪና ቆሞ ጭጋግ

ሌላው ትኩረት የሳበው ጉዳይ ቤጂንግ ነው። መንገዶቿ ጭር ባሉበት በዚያው የካቲት ወር ከተማዋ በከባድ ጭጋግ የተሸፈነችባቸው ቀናት ነበሩ። ነዋሪዎች መኪና ሳይኖር ጭሱ ከየት መጣ ብለው መጠየቃቸው አልቀረም።

ተመራማሪዎች ሦስት ምክንያቶችን ለይተዋል። የመጀመሪያው የአየሩ ጠባይ ነው። በዚያ ሳምንት ንፋስ አልነበረም፣ እርጥበቱም ከፍተኛ ነበር። ሁለተኛው የብረት ፋብሪካዎች፣ የኃይል ማመንጫዎችና የቤት ማሞቂያዎች ሥራቸውን አለማቆማቸው ነው። ሦስተኛው ደግሞ የጨመረው ኦዞን ራሱ ነው። ኦዞን የአየሩን ሌሎች ጋዞችን የመለወጥ አቅም ስለሚያጠናክር፣ የነበሩት ጋዞች በፍጥነት ወደ ደቃቅ ብናኝ ተለወጡ። ብናኝ ከጭስ ማውጫ ብቻ ሳይሆን አየር ላይም ይፈጠራል ማለት ነው።

በቤት ውስጥ ያለው አየር

ስለ ጠራው የውጪ አየር ሲወራ የተረሳ አንድ ቦታ ነበር። እሱም ማድቤት ነው። የእንቅስቃሴ ገደቡ ሰውን ወደ ቤቱ ሲሰበስብ፣ በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል በሚበሰልበት ቤት የሚኖር ሁሉ ከጭስ ጋር የሚያሳልፈው ሰዓት ጨመረ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው፣ በዚያው እ.ኤ.አ በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ዉሃን ከ76 ቀናት በኋላ በተከፈተችበት ዕለት፣ መጋቢት 30 ቀን፣ በኢትዮጵያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የእንቅስቃሴ ገደቡ እንደ ዉሃን የጠበቀ ባይሆንም፣ ከትምህርት ቤት የቀሩት ልጆች ቀኑን የዋሉት በቤት ውስጥ፣ ብዙዎቹም ከእናታቸው ጋር ምድጃ ዳር ነበር። በእኛ አገር ሁኔታ የአየር ብክለት ጉዳይ ከጎዳናው በፊት ከማድቤቱ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

የከተሞቻችን የውጪ አየርም የራሱ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ በእንጦጦና በሌሎች ተራሮች የተከበበች ከተማ ናት። በበጋው ወራት ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ይተኛል። ሞቃቱ ከላይ እንደ ክዳን ይደፋበታል። የማለዳው የመኪናና የምድጃ ጭስም ፀሐይዋ ሞቃ ክዳኑን እስክታነሳ ድረስ መውጫ ያጣል። ለኦዞን መፈጠር የሚያስፈልገው የፀሐይ ብርሃን ደግሞ በአገራችን ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም።

አንድ እጅ አያጨበጭብም

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ዋና ትምህርት፣ ንጹሕ አየር አንዱን በካይ ብቻ በመቀነስ አይገኝም የሚለው ነው። አንድ እጅ ብቻውን እንደማያጨበጭብ ሁሉ የመኪናውን ጭስ ቀንሰን የነዳጁን ተን፣ የቆሻሻ ቃጠሎውንና የማድቤቱን ጭስ ብንተወው ውጤቱ ግማሽ ይሆናል። ሎስ አንጀለስ ከድሮው ጋር ሲነጻጸር አየሯን በእጅጉ ያሻሻለችው ሁለቱንም፣ ማለትም የናይትሮጅን ኦክሳይዶችንና የሚተኑትን ውህዶች፣ ለአስርት ዓመታት ጎን ለጎን በመቀነሷ ነው።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ወስና ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ፊቷን አዙራለች። በ2011 ዓ.ም የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብርም ጎዳናዎችን ለእግረኛ እየለቀቀ ስፖርት እንድንሠራ ዕድል ሰጥቷል። እነዚህ ለሳንባችን የሚበጁ እርምጃዎች ናቸው። ፍሬያቸው የተሟላ የሚሆነው ግን በኤሌክትሪክ ከሚሄደው መኪና ጋር በኤሌክትሪክ የሚጋገረው እንጀራ፣ ከጎዳናው ጽዳት ጋር ቆሻሻ ያለማቃጠሉ ልማድ አብሮ ሲሄድ ነው።

እስከዚያው ግን በየግላችን ልንወስዳቸው የምንችላቸው ጥንቃቄዎች አሉ።

• በቤት ውስጥ ምግብ ሲያበስሉ መስኮትና በር ይክፈቱ። ከተቻለ ምድጃውን ከመኝታና ከሳሎን ያርቁት። ኃይል ቆጣቢ ምድጃና በደንብ የደረቀ እንጨት መጠቀም ጭሱን ይቀንሳል። እንጀራ ሲጋግሩ ሕፃን አዝለው ምድጃ ዳር አይቁሙ።

• የተቀጣጠለ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው በፍጹም አይተኙ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሳይታወቅ ሕይወት ያጠፋል። የጠራ የሚመስል የቤት አየር ሁሉ ንጹሕ አይደለም።

• የእግር ጉዞና ሩጫ ሲያደርጉ ከአውራ ጎዳና ገባ ያለ፣ ዛፍ ያለበት ቦታ ይምረጡ። ጥቂት መቶ ሜትሮች መራቅ እንኳ ለውጥ ያመጣል። ማለዳ ላይ ጭስ አንዣቦ ከታየ እስኪገፈፍ ይጠብቁ። ኦዞን የሚበረታው ፀሐይ በጠነከረችበት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ አስም ያለባቸው ሰዎች በዚያን ሰዓት ከባድ ስፖርት ባይሠሩ ይመረጣል።

• የፊት መሸፈኛ ጭንብል ጋዝን አያስቀርም። ኤን 95 የተባለው ዓይነት ፊት ላይ በሚገባ ከገጠመ ብናኝን ይከላከላል። ኦዞንና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ግን ያሳልፋል። ጭንብል አድርጌያለሁ ብሎ ጭስ ውስጥ መዋል ጥበቃ አይሆንም።

• «አየር ያጸዳል፣ ጀርም ይገድላል» ተብለው የሚሸጡ ኦዞን አመንጪ መሣሪያዎችን ሰው ባለበት ክፍል አይጠቀሙ። መሣሪያው የሚለቀው ከላይ የገለጽነውን ሳንባ የሚያስቆጣ ጋዝ ነው።

• የቀለም፣ የቫርኒሽ፣ የነዳጅና የማጽጃ ፈሳሽ ዕቃዎችን በሚገባ ይክደኑ። ክፍል ሲቀባ መስኮት ተከፍቶ ይዋል። መኪና ያለዎት ሞተሩን ለረዥም ሰዓት አስነስተው አያቁሙ። ምርመራውንም በወቅቱ ያስደርጉ።

• ፕላስቲክና ደረቅ ቆሻሻ በግቢም በመንገድም አያቃጥሉ።

የአስም ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪም የታዘዘለትን የመከላከያ መድኃኒት ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ የለበትም። በአፍ የሚሳበውን ፈጥኖ ማስታገሻም ከኪሱ ወይም ከቦርሳዋ ሊለይ አይገባም። በእንቅስቃሴ ገደቡ ወቅት በብዙ አገራት ለከፋ አስም ወደ ሆስፒታል የሚመጡ ሰዎች ቁጥር ቀንሶ ነበር። ለዚህም የአየሩ መሻሻል ብቻ ሳይሆን እጅ መታጠቡ፣ ርቀት መጠበቁና ጉንፋን መቀነሱም ምክንያት ናቸው ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ በጉንፋን ወራት እጅን መታጠብና ከታመመ ሰው መራቅ ለአስም ታማሚ ከአየሩ ጥራት እኩል የሚጠቅም ልማድ ነው።

ትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ ማፏጨት፣ የደረት መጨነቅ፣ ከሦስት ሳምንት ያለፈ ሳል ያለበት ሰው ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ሊመረመር ይገባል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ የሚጠቁር፣ ማስታገሻውን ስቦ ያልተሻለው ሰው ግን ቀጠሮ የሚጠብቅበት ጊዜ የለም። ሳይውል ሳያድር በአቅራቢያው ወዳለ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል መድረስ አለበት።